ካሳው ውስጥ ያልተቆጠረው ነፋስ

አዮዋ ውስጥ እርሻው ላይ የነፋስ ተርባይን የቆመበት ገበሬ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። ተርባይኑ ቆሞ እስከዋለ ድረስ ገንዘቡ ይመጣል፤ በቆሎው ቢደርቅም ይመጣል። ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያን እንውሰድ። ካጂያዶ ውስጥ ኪፔቶ የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 60 ተርባይኖች አሉት፣ አቅሙ 100 ሜጋዋት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምሯል። መሬቱ የማሳይ ቤተሰቦች ነው፤ ለድርጅቱ አከራይተውታል እንጂ አልለቀቁትም፤ ከገቢው ድርሻ ያገኛሉ፣ ከብቶቻቸውም ከተርባይኖቹ ሥር ይግጣሉ።

እኛ ሀገር ተርባይን ለማቆም መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ አንድ ጊዜ ካሳ ይቀበላል። ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል።

ይሄን ልዩነት መጀመሪያ ሳውቀው «ስስት ነው» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው ግን አንድ ልማድ አለበት፤ ሥርዓቱ የማይፈለግ ውጤት ካወጣ ክፋት ከመፈለጉ በፊት ሠንጠረዡን ይከፍታል። የትኛው ነገር ዓምድ ተሰጥቶታል? የትኛውስ አልተሰጠውም? የካሳው ሠንጠረዥ ረጅም ዕድሜ አለው፤ በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። ታሪኩን ከጉራጌ ጀምሬ ልንገራችሁ። አንደኛ የዘመዶቼ አገር ነው። ሁለተኛ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ዙሪያ ትልልቅ ተርባይኖች ገና አልቆሙም፤ ስለዚህ ጥያቄው እዚያ ገና ክፍት ነው።

የጉራጌ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው። ከቤቱ ጓሮ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ጥቂት ቡና፣ ጫት፣ ጎመን፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ ጀፎሮ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ይዘረጋል። ጀፎሮ የማንም የግል አይደለም። ልቅሶ እዚያ ነው፣ ሠርግ እዚያ ነው፣ ጥጃ እዚያ ይፈታል፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎሮ የገፋ ሰው ከሽማግሌ ፊት ይቆማል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ነው በርዕሱ ላይ የጠራው። እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ አፍ ይመግባል፤ ግን ገንዘብ አያመጣም። ቆጮ ሸጦ የሀብታም ቤት የሠራ ሰው አልሰማሁም።

ገንዘብ የሚያስፈልገው መቼ ሆነ? የምኒልክ ጦር አገሩን ሲይዝ። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ዛሬ ወልቂጤ ባለችበት አካባቢ ለዓመታት ተዋግቶ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከተሸነፈ በኋላ ገበሬው ገባር ሆነ። ግብርና ጉልበት ለተሾመበት መልከኛ ይሰጣል፤ እያደርም ግብሩ በብር ይጠየቅ ጀመር። እንሰት ደግሞ ብር አይሆንም። ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ የወጣው በዚህ ነው፤ ጫማ መጥረጉ፣ መርካቶ መሸከሙ፣ ኋላም ሱቅ መክፈቱ ከዚያ የመጣ ነው። የጉራጌ ገበሬ ቤተሰብ «የገቢ ምንጭ ማብዛት» የሚለውን ነገር ከፕሮጀክት ሠነድ አልተማረውም። እናት እንሰቱን ትፍቃለች፣ አባት ከተማ ነው፤ ለመስቀል ይገናኛሉ።

ባሕር ዛፍ የመጣውም በዚያው ዘመን ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ጨርሳ ልትለቀቅ በተቃረበችበት ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ዛፉ ከአውስትራሊያ መጥቶ ተተከለ። ከተማዋን ያቆማት እሱ ነው ይባላል፤ ማጋነን አይመስለኝም። እያደር ከከተማዋ ወጥቶ በየገጠሩ ሄደ፤ ጉራጌ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ባንክ ሆነ።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ችግኝ ትተክላለህ። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ አጣና ይሆናል፤ ብትታገሥ ወፍሮ ቋሚና ወራጅ ይሆናል፤ ይበልጥ ብትታገሥ የመብራት ምሰሶ ይሆናል። ስትቆርጠው ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ መትከል አያስፈልግም። ነጋዴው መኪና ይዞ መጥቶ የቆመውን ዛፍ እንደቆመ ይገዛል፤ የሚቆርጠውም የሚጭነውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሲሠራ የምታዩት የእንጨት መወጣጫ ከእንዲህ ያለ ጓሮ የመጣ ነው። አጎቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ሰው ሲታመምበት አንድ ጥግ ይሸጣል። እኔም አንድ ጊዜ የዚያ ጥግ ተጠቃሚ ነበርኩ፤ ላፕቶፕ የገዛሁት በባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ አፈር ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም። ወቀሳው ትክክል ነው። ገበሬውም ያውቀዋል፤ እንሰቱ አጠገብ አይተክለውም። ይሁን እንጂ «ታዳሽ ኃይል» የሚለውን ቃል በትክክል ከያዝነው፣ ማገዶና ከሰል የሚሆን፣ ተቆርጦ የሚመለስ፣ በገበሬ መሬት ላይ ቆሞ ለገበሬ ገንዘብ የሚከፍል የኃይል ምንጭ ጉራጌ ውስጥ ተርባይን ከመታሰቡ በፊት ነበር። የመብራት ሽቦውንም ለረጅም ዘመን የተሸከመው ይኸው እንጨት ነው፤ ኮንክሪቱ ምሰሶ እየተካው ያለው በቅርብ ነው።

ታዲያ ለምን ዛፉ ላይ ገበሬው ባለቤት ሆነ፣ ነፋሱ ላይ ግን አልሆነም?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለጉራጌ ገባር ይሄ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ለባላባት መገበር በአንድ ጠዋት ቀረ። የዚያን ቀን ደስታ የሚያወሩ ሽማግሌዎችን ሰምቻለሁ፣ አላጣጥለውም። አዋጁ ግን መሬቱን ለአራሹ ሲሰጥ መጠቀሚያውን እንጂ ባለቤትነቱን አልሰጠም፤ መሸጥ፣ መለወጥ ተከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይሄንኑ አጸና፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬቱ ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ማሻሻያ ሙሉ መብት አለው ይላል። አያችሁት? ዛፉ የአጎቴ ነው። ዛፉ የቆመበት አፈር የአጎቴ አይደለም። ከአፈሩ በላይ የሚነፍሰውማ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ካሳውም በዚሁ ስሌት ነው የሚሠራው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ገበሬው ሁለት ነገር ይከፈለው አለ፦ ላፈራው ንብረት ካሳ፣ ከዚያም ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሒሳቡ ተሻሻለ፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ገቢ ተመርጦ በአሥራ አምስት ይባዛል። ሁለቱም ቀመሮች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ገበሬው ከዚህ መሬት ምን ያገኝ ነበር? ተርባይኑ ከዚህ መሬት ምን ሊያገኝ ነው ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። በኔ ቋንቋ ያ ዓምድ ሠንጠረዡ ውስጥ አልተፈጠረም። ኮሚቴው ቢራራ የሚሞላበት ቦታ የለውም፤ ቢጨክንም የሚደብቀው ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ሠራሁት። ለምሳሌ ያህል ነው፣ የማንም እውነተኛ ማሳ አይደለም። ከተወሰደበት መሬት በዓመት 20,000 ብር የሚያገኝ ገበሬ በአዲሱ ቀመር 300,000 ብር ይደርሰዋል። እንዲያውም አብዝቼለታለሁ፤ የተርባይን መሠረትና የመኪና መንገድ የሚወስዱት የማሳውን ጥግ እንጂ ሁሉንም አይደለም። በዚያ ጥግ ላይ የቆመ ባለ 1.5 ሜጋዋት ተርባይን፣ ከአቅሙ ሠላሳ በመቶውን ብቻ ሠራ ብንል፣ በዓመት 3,942,000 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። ለገበሬው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንዲት ሳንቲም ብትሰጡት በዓመት 39,420 ብር ነው፤ ከማሳው ያገኝ ከነበረው በእጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው። አሥር ሳንቲም ብትሰጡት 394,200 ብር፤ የአንዱ ዓመት ብቻ የዕድሜ ልኩን ካሳ ይበልጣል። ተርባይን ደግሞ ሃያ ዓመት ይኖራል፣ ከዚያም በላይ። ካሳው ግን ብር ሆኖ እጁ ላይ ነው ያለው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በወር ውስጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

እውነተኛዎቹ ተርባይኖች የት ናቸው? ከአዳማ ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ። አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. 34 ተርባይኖች ይዞ ጀመረ፣ 51 ሜጋዋት። አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም. 102 ተርባይን ጨመረ፣ 153 ሜጋዋት። ሁለቱም በቻይና ብድር የተሠሩ ናቸው። ከመቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ በጥቅምት 2006 ሲመረቅ 84 ተርባይንና 120 ሜጋዋት ነበረው፤ የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትሄዱ ከመስኮት አይታችኋቸው ከሆነ ዋናውን ነገር አይታችኋል፦ በመካከላቸው ይታረሳል። ጤፍና ስንዴ ከሥራቸው ይበቅላል። ነፋስ ከውሃ የሚለየው በዚህ ነው። ግድብ መሬቱን ሁሉ ይውጣል፤ ተርባይን ግን ከገበሬው ጋር አብሮ መኖር ይችላል፣ ጎረቤት መሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ከፍሎ መለያየቱ የማይገባኝ። ለሃያ ዓመት አብራችሁ ልትኖሩ ነው እኮ!

ወልቂጤ ግን የውሃውን ታሪክ ነው ይበልጥ የምታውቀው። ከከተማው ወደ ጅማ ሲኬድ ጊቤ አለ። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት፣ ግልገል ጊቤ ሁለት በ2002 ዓ.ም. 420 ሜጋዋት፣ ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ተመርቆ 1,870 ሜጋዋት። ግድቦቹ ከጉራጌ ወጣ ብለው ነው ያሉት፤ ከዚያ የሚመጣው ከፍተኛ መስመር ግን በዚህ በኩል አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ከመስመሩ ሥር አጭር ሰብል ይፈቀዳል፣ ቤትና ረጅም ዛፍ አይፈቀድም። ለስንዴ አገር ይሄ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ባንኩ ባሕር ዛፍ ለሆነ ሰው ግን ባንኩን ነው የዘጋበት። መሬቱ አልተወሰደም ይባላል፤ በወረቀት ልክ ነው። ከሁሉ የሚከነክነው ደግሞ የስንቱን ከተማ መብራት የሚሸከም ሽቦ በአናታቸው እያለፈ ማታ ኩራዝ የሚያበሩ ቀበሌዎች መኖራቸው ነው። ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ጣቢያ ሳይሠራ ከዚያ ሽቦ መብራት መጥለፍ አይቻልም፤ የምህንድስናው ምክንያት ይገባኛል። ለአጎቴ ጎረቤት ግን አስረድቼ ማሳመን አልቻልኩም። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄው ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ የራሳችንን የቆየ ነገር ማንሳት አለብኝ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች መንግሥት መንገድ እስኪያመጣላቸው አልጠበቁም። ማኅበር አቋቋሙ፤ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን የመሰሉ ሰዎች መሩት፤ ከሱቁም ከሊስትሮውም መዋጮ ተሰበሰበ። በቡታጅራ በኩል ደግሞ ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ጉራጌው፣ ሀድያው፣ ከምባታው፣ ወላይታው በአንድ ማኅበር ሆኖ አዋጣ። ከመንገዱ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ኋላም መብራትና ስልክ ወደ ትንንሽ ከተሞች በዚያው የመዋጮ ልማድ ገባ። እቁቡ፣ ዕድሩ፣ የጆካ ሸንጎው፣ ሁሉም የሚያሳየው ይህ ሕዝብ በጋራ ገንዘብ ሰብስቦ በጋራ መያዝ እንደሚያውቅበት ነው።

ዴንማርኮች ያደረጉት ከዚህ ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል ገበሬና የመንደር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ተርባይን ገዛ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከማንም አነስተኛ አመንጪ በተወሰነ ዋጋ እንዲገዙ አስገደደች፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከአገሪቱ የታዳሽ ኃይል አቅም አሥር በመቶ ገደማው የገበሬዎች ንብረት ሆነ። የእነሱ ገበሬ መሬቱም የራሱ ነው፣ ያ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ያመነጨውን ገዥ ማግኘቱ ነው። እኛ ጋ መስመሩም፣ ማመንጫውም፣ ገዥውም ለረጅም ዘመን አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። የግል አመንጪ በር የተከፈተለት በቅርብ ነው፤ የገባበትም ጥቂት ነው።

በአነስተኛው መጠን የተሞከረ ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል መንደር በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ የጀርመን ፋውንዴሽን እርዳታ በየቤቱ ጣሪያ የፀሐይ ፓነል ተሰቀለላት። በ2001 ዓ.ም. የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያ ሊሠራ አቅዶ 8,000 ያህል ሠራ፤ ከአራቱ ክልሎች አንዱ ያኔ ጉራጌ የነበረበት የደቡብ ክልል ነበር። ባዮጋዝ ለእንሰት አገር ነገሩ ደስ ይላል። ሌላው ቦታ ኩበት ይነድዳል፤ ጉራጌ ውስጥ ግን እበት የእንሰቱ ምግብ ነው፣ ሴቶቹ በየጠዋቱ ወደ ጓሮ የሚወስዱት። ማብላያው ጋዙን አውጥቶ ዝቃጩን ይመልሳል፣ እንሰቱም አይራብም። ችግሩ ከብት ያስፈልጋል፣ አራት ያህል፣ ውሃም ያስፈልጋል። ሁለት ላም ያለው ቤት አይሞላለትም። ይሄም ቢሆን ወጪ ይቀንሳል እንጂ ገቢ አያመጣም፤ ማንም ለጎረቤቱ ጋዝ ሲሸጥ አላየሁም።

ሕጉ በእርግጥ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ወይ? ይሄን ለማወቅ አዋጆቹን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ብዙ ሰው የሚያነበው የካሳውን አዋጅ ነው። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 አንቀጽ 8 ግን ሁለት ነገር ይላል። ገበሬው ይዞታውን ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ይችላል። ደግሞም በመጠቀም መብቱ ከባለሀብት ጋር በውል በጋራ ማልማት ይችላል። በጋራ! ማለትም መሬቱን ሳይለቅ፣ የመጠቀም መብቱን እንደ ድርሻ አስገብቶ። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ሲተካ ደግሞ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደርም ተጨመረበት። በከተማና በመንገድ ዳር የቴሌኮም ማማ ቦታ አከራይቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማማም ብረት ነው፣ ተርባይንም ብረት ነው። ልዩነቱ በየትኛው በር ገቡ ነው፦ ማማው በውል ገባ፣ ተርባይኑ «ለሕዝብ ጥቅም» በሚለው በር ገባ። ሁለተኛው በር ፈጣን ነው፤ ከሺህ ገበሬ ጋር አንድ በአንድ መዋዋል ቀልድ አይደለም። ለመንግሥት የቀለለው ግን ለገበሬው ሃያ ዓመት የሚያህል ገቢ ነው ያስቀረበት።

ውል ሁልጊዜ ያድናል ማለቴ አይደለም። እዚያው ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች ያሉት ትልቅ ማመንጫ አለ። የማኅበረሰቡ መሬት ሕዝቡ በቅጡ ሳይጠየቅ ተላለፈ ተብሎ ክስ ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት የመሬቱ ባለቤትነት ሠነድ ከሕግ ውጭ የተሰጠ ነው አለ። ኪፔቶና ቱርካና አንድ አገር ውስጥ ናቸው። ኪፔቶ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ በስሙ ካርታ ነበረው፤ ቱርካና ላይ መሬቱ የጋራ ግጦሽ ነበር። ይሄን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ጀፎሮ ነው። የግል ይዞታ ደብተር የሌለው፣ የሁሉም የሆነ፣ ሰፊና ክፍት ሣር። ለፀሐይ ፓነል የመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቡታጅራ። ከተማው ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ አካባቢው የድሮ እሳተ ገሞራ ነው፣ ሃረ ሼጣን የሚባለውን ሐይቅ የቆፈረው ያ ነው። ከሸለቆው ማዶ ከዝዋይ ደቡብ አሉቶ ላንጋኖ አለ፤ በ1990ዎቹ መግቢያ 7.3 ሜጋዋት ይዞ የተተከለ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የእንፋሎት ማመንጫ፤ ብዙ ጊዜም ቆሞ የቆየ። ቡታጅራ አጠገብ አሹቴ በሚባል ቦታም ከመሬት በታች ያለው ሙቀት ተጠንቷል። ጥናቱ ወደ ቁፋሮ፣ ቁፋሮው ወደ ማመንጫ ከሄደ እንፋሎቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፣ ሕጉ ግልጽ ነው። ከላይ ያለው በርበሬና በቆሎ ግን የሰው ነው። የካሳ ኮሚቴ ሲመጣ እግር በእግር የሚቆጥረው እሱን ነው።

አጎቴ ይሄን ሁሉ ስነግረው ያነሳው ጥያቄ የሕግ አልነበረም። «ቆጣሪው ማን ጋ ነው የሚሆነው?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገና ሳልገባ ጨመረበት። ባሕር ዛፍ ሲሸጥ እሱ ራሱ እየዞረ ይቆጥራል፣ ነጋዴውም ይቆጥራል፣ ካልተስማሙ እንደገና ይቆጥራሉ። ነፋሱን ግን የሚቆጥረው መሣሪያ ያለው ተርባይኑ ውስጥ ነው፣ ቁጥሩም የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው። በኪሎዋት ሰዓት አንዲት ሳንቲም ቢሉት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ በምን ያውቃል? መረጃው እንደሚመዘገብ፣ በስልክ እንኳ በየደቂቃው ማየት እንደሚቻል ነገርኩት፤ የኔ ሥራ እሱ ነው። «ይቻላል አይደለም የጠየቅሁህ» አለኝ። «ያሳዩኛል ወይ ነው።»